ቁልፍ የለሽ

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። የቴአትር ቤቱ ዘበኛ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ ፖስታውን ስፌት መኪናዋ ላይ ሲያኖርላት፣ ሰፊዋ ወዲያው አልከፈተችውም። የምትወደው ሰው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆኖታል። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ደብዳቤው ሳያዛንፍ ይደርሳታል፤ እሷም ልጅ ከረሜላ አፉ ውስጥ እንደሚያቆይ ደስታዋን ማቆየት ስለምትወድ፣ የጀመረችውን እጅጌ ጨርሳ፣ ክሩን ቆርጣ፣ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠርጋ ነው የምታነበው።

በአልባሳት ክፍሉ ድርቤ ይሏታል። ማንኛውንም ነገር ሁለት ጊዜ ደርባ ካልሰፋች እንቅልፍ ስለማይወስዳት የወጣላት ስም ነው። አንድ ስፌት ሰው ፊት ይፈታል ትላለች።

ፖስታውን በመቀሷ ጫፍ ከፈተችው። የሌላው ጊዜ ደብዳቤ ሦስት አራት ገጽ ነበር። የዛሬው ግን አራት መስመር ብቻ ሆነ።

«ዛሬ ቸኩያለሁና ብዙ አልጽፍም። ስለ አንቺ ግን አንድ ነገር ገባኝ። አንቺ ቁልፍ የለሽ ነሽ። ቅዳሜ ስመጣ በአፌ እነግርሻለሁ።»

አንድ ጊዜ አነበበችው። የእጅ ጽሑፉ የእሱ መሆኑን ልታረጋግጥ ከባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ጋር አስተያየችው። ራሱ ነው። «ቁ»ን ሲጽፍ ጅራቷን የሚያስረዝማት ነገር እንኳ አልቀረም።

በእነሱ ከተማ አንዲትን ሴት ቁልፍ የለሽ ብሎ የሰደበ ሰው ሁለተኛ ደጇን አይረግጥም። መቆለፊያ የሌላት በር ማለት ነው፤ አላፊ አግዳሚው ገፋ አድርጎ የሚገባባት። ገበያ ውስጥ ሴቶች ፀጉር ለፀጉር የሚያያዙበት፣ እናቶች ልጆቻቸውን አመሻችሁ ብለው ሲቆጡ የሚያስፈራሩበት ስድብ ነው። ድርቤ በዕድሜዋ ለማንም ተናግራው አታውቅም። እሷንም ማንም ብሏት አያውቅም። አሁን ከሰው ሁሉ መርጣ ልቧን የሰጠችው ሰው በቀለም ጽፎ፣ ቴምብር ለጥፎ ላከላት።

እንባዋ አልመጣም። እንባ እንዲመጣ ሰው መጀመሪያ የደረሰበት ነገር ሊገባው ይገባል።

ስለ ሰውየው ትንሽ ልንገራችሁ። በመዝገበ ቃላት ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሥራው ሕዝቡ በየቀኑ የሚናገራቸው ስድቦችና አባባሎች ከየትኛው ጥንታዊ ቴአትር እንደወጡ መፈለግ ነው። ሰው አንድ ነገር ተናግሮ ሳይጨርስ «እሱ አባባል ግን ከየት መጣ?» ስለሚል የቴአትር ቤቱ ሰዎች ስሙን ከየትመጣ አሉት። ሲጠሩትም አቤት ይላል።

የተዋወቁት በወረቀት ዘውድ ነው። ጉረኛ ሰው ሲያጋጥም «ተወው፣ ዘውዱ ወረቀት ነው» ይባላል። ሁሉም የአያት ቅድመ አያት ተረት ይመስለዋል። ከየትመጣ ግን ከአንድ አሮጌ ቴአትር የወጣ መሆኑን ደርሶበት፣ ማስረጃ ፍለጋ ወደ አልባሳት ክፍል መጣ። ድርቤ ሣጥን ከፍታ ራሱን ዘውዱን አወጣችለት። ጣሪያው አፍስሶ ንጉሡ ራስ ላይ የሟሟው፣ አጠገቡ የቆመው ወታደርም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ያቺን ቃል ከራሱ የጨመረበት ዘውድ። ሰውየው ዘውዱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን ሲያገላብጠው አየችና ሳቀች። እሱም ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር፣ ማስረጃ የማያስፈልገው አባባል ሁሉ ማስረጃ አስፈለገው።

ጣጣ ግን ነበር። የሰውየው እናት ዕድሜያቸውን በሙሉ ትምህርት ቤት ያስተዳደሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው ሁሉ ዳይሬክተሯ የሚላቸው ሴት ናቸው። የድርቤ አባት ደግሞ በዚሁ ቴአትር ቤት ሠላሳ ዓመት መጋረጃ ስበዋል። ዳይሬክተሯ ልጃቸው ሰፊ ሊያገባ መሆኑን ሲሰሙ አልጮኹም፤ የመጮህ ልማድ የላቸውም። ዝም አሉ። የእሳቸው ዝምታ ግን ጎረቤት ድረስ ይሰማል።

ልጃቸው ከሄደ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀን ራሳቸው ወደ አልባሳት ክፍል መጡ። በተሰቀሉት ልብሶች መሀል ቀስ ብለው እየተራመዱ የአንዱን ቀሚስ ጫፍ ነካ አደረጉ። አባትሽ መጋረጃ ሳቢ ነበር አሉኝ አሏት፤ «ነበሩ» ሳይሆን «ነበር»፣ እንደ እኩያ። ቀጠሉና፣

«ልጄ ዕድሜውን የሰው ቃል ሲሰበስብ ነው የኖረው። የሱ ስም ደግሞ ከማይሆን ስም ጋር እንዳይሰበሰብ እፈራለሁ። ሰኞና ሐሙስ ከቴአትር ቤታችሁ ዋና ተዋናይ መኪና ስትወርጂ አይቻለሁ። ዓይን አለኝ።»

ድርቤ መልስ ነበራት፤ ግን አፏ ታስሮ ነበር። አባቷ ዓይናቸው ከደከመ ሰነባብቷል። ሠላሳ ዓመት ሁሉን ከጎን ሲያዩ የኖሩ ሰውዬ አሁን የገዛ ጣታቸውን መቁጠር አቅቷቸዋል። ሰው እንዳያዝንልኝ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብለው አስምለዋታል። ሰኞና ሐሙስ ወደ ዓይን ሐኪም የሚያደርሳቸው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አባባ እያለ የሚጠራቸው ተዋናዩ ነው። እና ድርቤ ለዳይሬክተሯ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ዝም ማለቷ ደግሞ ጥፋተኛ አስመሰላት።

አሁን ደብዳቤውን ይዛ የምታሰላስለው ይህንኑ ነው። እናትየው ጽፈውለታል፤ እሱም አምኗል። ታዲያ የተቆጣ ሰው «ቅዳሜ ስመጣ በአፌ እነግርሻለሁ» ይላል? ሊሰድባት ነው እንዴ አገር አቋርጦ የሚመጣው? «ገባኝ» ማለቱስ? የሚያሾፍ ከሆነ ደግሞ እሱ በቃል አያሾፍም፤ ቃል ለሱ እንጀራው ነው። ነገሩን በዚህ ስትለው በዚያ ይወጣል። ማታ ቤቷ ስትገባ የቀኝ ጫማዋን በግራ እግሯ አድርጋ እንደመጣች ያየችው ደጃፉ ላይ ነው።

አባቷ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ፣ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ተቀምጠዋል። የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስላ፣ «አባዬ፣ ቁልፍ የለሽ የሚባለው ስድብ ከቴአትር የወጣ ነው እንዴ?» አለቻቸው።

አባቷ ሬዲዮኑን ዘጉ።

«ስድብ?» አሉ። «ስድብ ያደረጉት ሌሎች ናቸው። እኔ ስሰማው ስድብ አልነበረም።»

ታሪኩን ነገሯት። እሷ ሳትወለድ የታየ ቴአትር ነው። ባቡር ጣቢያ ላይ ይጀምራል። አንድ ወጣት ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ነው። ብርድ ነው፤ ካፖርቱ ደግሞ ቁልፎቹ ረግፈዋል። የምትወደው ልጅ የራሷን ካፖርት ቁልፎች አንድ በአንድ በጥርሷ በጥሳ፣ እዚያው ቆማ የሱ ላይ ትሰፋለች። ባቡሩ ሲጮህ ልጁ ነፋስ የሚያውለበልበውን ልብሷን እያየ፣ አንቺ ቁልፍ የለሽ ይላታል። አባቷ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ያንን ቃል ሲሰሙ ገመዱን እንደያዙ ሁልጊዜ እንባቸው ይመጣ እንደነበር፣ በእንባ ምክንያትም አንድ ቀን መጋረጃውን አዘግይተው እንደተቀጡ ነገሯት።

ድርቤ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች። ዕድሜ ልኳን ቁልፍ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ ቃሉን ስታነብ በር እንጂ ልብስ አልታያትም። ከየትመጣ የሄደ ቀን አውቶቡስ ተራ ላይ የሆነው ትዝ አላት። ካፖርቱ አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርቶት ነበርና፣ ከቦርሳዋ ካገኘቻቸው የቴአትር ልብስ ቁልፎች አራት መርጣ ሰፋችለት። አንዱ የጄኔራል፣ አንዱ የሐኪም፣ ሁለቱ የሌባ ነበሩ። ሹፌሩ ጥሩምባውን እያጮኸ፣ እሱ እጆቹን እንደ ሕፃን ዘርግቶ ቆሞ።

እንዲህ ከሆነ ደብዳቤው ስድብ አይደለም ማለት ነው። ማንም ለማንም ያልጻፈው የፍቅር ቃል ነው።

«ከዚያስ አባዬ? መጨረሻው እንዴት ነው?»

«ሦስተኛውን ገቢር አልወደውም ነበር» አሉና ሬዲዮናቸውን መልሰው ከፈቱ።

ያቺ መልስ እንደ እሾህ ተሰክታባት አደረች። በነጋታው ከመጋረጃ ጀርባ ለተዋንያን ቃል የምታስታውሰውን ሴትዮ ለምና የድሮ ጽሑፎች መደርደሪያ አስከፈተች። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ በታይፕ የተመታው ፊደል ግን ይነበባል። የመጀመሪያው ገቢር ልክ አባቷ እንዳሉት ነው። ፈገግ እያለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ሁለተኛውን በችኮላ አለፈችው።

በሦስተኛው ገቢር ልጁ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል። ልጅቷ ጣቢያው ላይ የሰው ክንድ ይዛ ቆማለች። የያዘችው ወንድሟን ነው፤ ተመልካቹ ያውቃል፣ ልጁ አያውቅም። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ያችኑ ቃል በሌላ ድምፅ ይጮህባታል፦ አንቺ ቁልፍ የለሽ። መጋረጃው እዚያ ላይ ይዘጋል። ሌላ ገጽ የለም። ሕዝቡ የመጨረሻዋን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ የመጀመሪያዋን አዳራሹ ውስጥ ትቷት።

ድርቤ ወረቀቶቹን አጠፈች። ቅድም ከነበረችበት የባሰ ቦታ ላይ ነበረች። አንድ ቃል ነው፣ የተናገረው አንድ ሰው ነው፣ የተነገራትም አንዲት ሴት ናት። ፍቅሩም ስድቡም የቴአትሩ ነው። ትናንት ቀን ልቧ ያለቀሰው እውነት ይሆን፣ ወይስ ማታ የሳቀው? ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም እጇ በልማዱ ሲሰፋ፣ ልቧ በየሰዓቱ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲገለበጥባት ሰነበተች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጣ። ድምፁን ሳትሰማ አረማመዱን ከደረጃው ለየችው። በሩን ከፍቶ ሲገባ ግን ዓይኑ እሷ ላይ አላረፈም። በተሰቀሉት ልብሶች ላይ፣ በመስታወቱ ላይ፣ በወለሉ ላይ ዞረ። ከሁለት ወር በላይ የናፈቀችው ፊት ነው፤ እንደ ተዘጋ ሱቅ ሆኖባታል። ደህና ነሽ አላት። ደህና ነኝ አለችው።

«ከመቀመጥህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «የጻፍክልኝ ቃል የስንተኛው ገቢር ነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አያት።

«ስንት ገቢር አለው?»

«ሦስት።»

እዚያ ከተማ ያገኘው ቅጂ አይጥ የበላው እንደሆነ፣ ሁለተኛው ገቢር መሀል ላይ እንደሚቆም፣ ያገኘውም ሌላ ነገር ሲፈልግ እንደሆነ ነገራት። የቁልፎቹን ነገር ሲያነብ አውቶቡስ ተራው ፊቱ ላይ ድቅን ብሎበት፣ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ለመድረስ ሮጦ ነው የጻፈላት። የመጋረጃ ሳቢ ልጅ ስለሆነች የምታውቀው መስሎት ነበር። ስድቡን ቢያውቀውም፣ በዚያ ችኮላ ስድብ ሆኖ ሊነበብ ይችላል ብሎ አንዴም አላሰበም።

ድርቤ ቢጫዎቹን ወረቀቶች አቀበለችው። ቆሞ የመጨረሻውን ገጽ አነበበ። ሲጨርስ ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተደገፈ።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። የመጀመሪያው ገቢር ነው ብሎ እጇን ቢይዝ፣ ይዛው ታለቅስና ታርፍ ነበር። ሰውየው ግን በቃል መዋሸት የማያውቅ ፍጥረት ነው።

«ስጽፈው የመጀመሪያው ነበር» አላት። «ዛሬ ጠዋት ግን እናቴ አንድ ነገር ነገረችኝ። ከቤት እዚህ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት። መንገድ ላይ ያንኑ ቃል በውስጤ ስለው… ተለወጠብኝ። ሦስተኛ ገቢር መኖሩን ሳላውቅ ሦስተኛው ውስጥ ገባሁ።»

ድርቤ መቀሷን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ደስ ልትሰኝ ፈለገች፤ ደብዳቤው ንጹሕ ነበር። ልትቆጣ ፈለገች፤ ሰውየው ግን ንጹሕ አልነበረም። ስለነገራት ልታመሰግነው ይገባል ወይስ ስላሰበው ልታባርረው?

«ለስንት ሺህ ቃል ከየት መጣ ብለሃል» አለችው በመጨረሻ። «ከዘውዱ ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ተመላልሰሃል። ስለ እኔ ለተነገረህ ቃል ግን ከየት መጣ አላልክም።»

«ፈራሁ» አላት። «መልሱን ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ልጠይቅሽ። ሰኞና ሐሙስ…»

«እኔን አይደለም። እኔ መሐላ አለብኝ፤ ላንተም ብዬ አላፈርሰውም። ሂድና እናትህን ጠይቃቸው። ቦታውን፣ ምን ሰፈር እንደሆነ፣ አጠገቡ ምን ቤት እንዳለ፣ ከመኪናው ማን ማን እንደወረደ። ለአንድ ስድብ የምትጠይቀውን ያህል ጠይቅ።»

ሄደ። ካፖርቱን እንኳ ወንበሩ ላይ ረስቶት ነው የወጣው። ድርቤ በሩን እያየች ቆመች። አባርራው ይሁን ጠርታው ለራሷም አልገባትም። ብቻ ደረቷ ውስጥ አንድ ባዶ ክፍል ተከፍቶ ነፋስ ሲመላለስበት ተሰማት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረጃው ላይ የሁለት ሰው ኮቴ ሰማች። አንደኛው ከዘራ ነበረው። ዳይሬክተሯ ገቡ፤ ልጃቸው ከኋላቸው ነበር። ድርቤ ብድግ አለች። ወንበር ስታቀርብላቸው አልተቀመጡም።

ልጃቸው አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እንደ ዳኛ እንደመረመራቸው ተናገሩ። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ተማሪ ሲመረምሩ ኖረው፣ ሲመረመሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። መኪናውን ያዩት ለደም ግፊታቸው መድኃኒት ከሚገዙበት ፋርማሲ ፊት ለፊት ነው። ከፋርማሲው ማዶ ያለው ምንድን ነው ሲላቸው፣ የዓይን ሐኪም ነው አሉት። ከመኪናው ሌላ ሰው አልወረደም ወይ ሲላቸው፣ አልወረደም ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አንድ ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ ሽማግሌ፣ የተዋናዩን ክንድ ተደግፈው ነበር።

«አይቻቸው ነበር» አሉ ዳይሬክተሯ። «መንገደኛ መስለውኝ ነው። ያየሁትን ነው ለልጄ የነገርኩት፤ ግን ማየት የፈለግሁትን ነው ያየሁት።»

ሴትየዋ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ይቅርታ ማለት የማያውቅ ሰው ይቅርታ ሲፈልግ እጁን የት እንደሚያደርገው ይቸገራል።

«አባትሽ አሁን እንዴት ናቸው?» አሏት። «ይሻላቸዋል?»

ድርቤ «ናቸው» የምትለዋን ቃል ሰማችና ዓይኖቿ ሞሉ። ማክሰኞ እምቢ ያለው እንባ ነው አሁን የመጣው። ይሻላቸዋል ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ዳይሬክተሯ ሊያባብሏት እጃቸውን ዘረጉ፣ መሀል ላይ ሰበሰቡት፣ ከዚያ ታች እጠብቅሃለሁ ብለው ለልጃቸው ነግረው ወጡ። ኮቴያቸው ደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ ተሰማ።

ከየትመጣ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። ካፖርቱን ከወንበሩ ላይ አላነሳም። ልትጠራው ትፈልጋለች ወይስ ገፍታ ልታስወጣው፣ ከፊቷ ሊያነብ ሲሞክር አየችው። እሷስ መች ታውቀዋለች። ዘውዱን ይዞ ቀና ያለበት ፊቱ ትዝ ይላታል፤ የዛሬ ጠዋት ፊቱም ትዝ ይላታል። ሁለቱም የአንድ ሰው ናቸው።

«ይቅር አልሽኝ?» አላት።

ድርቤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ጠረጴዛው ላይ የነገ ትርኢት ቀሚስ ግማሹ ተሰፍቶ፣ ግማሹ በመርፌ ተይዞ ተዘርግቷል።

«ገና ነኝ» አለችው። «ግን ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። እሷም ወደ ሥራዋ ዞረች። ትንፋሹን ከጀርባዋ እየሰማች ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባላትም። ሁለተኛም ሞከረች፤ ክሩ ቀዳዳውን ሳተው። በቁጣ ይሁን በደስታ አላወቀችውም። ለማወቅም አልቸኮለችም።